ሽማግሌ በአውሮፕላን ማረፊያ

ዓርብ ከሥራ ገብቼ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ የወንድሜ ልጅ ማርታ በስልኬ መልእክት ላከችልኝ። ማርታ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትጽፍም። በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ “አክስቴ፣ ነገ እናንተ ከተማ አውሮፕላን እቀይራለሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ አለኝ። አባዬ ጥሩ ቤተሰቦች ምሳ ሊጋብዙሽ ይፈልጋሉ፣ ልጃቸውም አለ፣ ወጣ በዪ ይለኛል። የግድ ከኤርፖርት መውጣት አለብኝ?”

አንብቤ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙም አልቆየም። አባቷ፣ ማለትም ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን፣ በዚያው ሳምንት ለእኔም ደውሎ ነበር። ልጅቷ በእናንተ በኩል ስለምታልፍ ከኤርፖርት አውጥተሽ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ድረስ አድርሻት፣ ምሳ ብቻ ነው ብሎኝ ነበር። እኔም ሥራ አለብኝ ብዬ ሸኘሁት። ጌታሁን ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለበት፤ ጉልበቱም እምቢ ብሎታል። ምሳ ብቻ ነው የምትለዋን ዘዴ ግን እርጅና ንክች አላደረጋትም። ምሳ ብቻ ነው የተባለ ምሳ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ገጥሞኛል። እሱንም የበላሁት ሰማይ ላይ ነው።

ለማርታ ወዲያው አልመለስሁላትም። ሻይ ጥጄ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ከሚኒያፖሊስ ጋር በተያያዘችው ሴንት ፖል ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑን ቁልቁል በሚያይ አፓርታማ ነው፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይንጫጫሉ። የኅዳር የመጀመሪያው በረዶ ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል። ሰው በገዛ ከተማው ኤርፖርት ላይ ቂም ይይዛል ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን ይዣለሁ። እንግዳ ለመቀበል በሄድሁ ቁጥር ያ የውስጡ ረጅም መተላለፊያ ትዝ ሲለኝ ከንፈሬ በራሱ ጊዜ ጠመም ይላል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሲያትል ከአክስቴ ልጅ ጋር እየኖርሁ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። ጌታሁን ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ቤት ይዞ፣ አግብቶ፣ በአበሻው ዘንድ “ጋሼ ጌታሁን” ተብሎ ተከብሮ ይኖራል። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሱ ዘንድ ይመጣሉ፤ ሰው ሲሞት አዳራሹን እሱ ይይዛል፤ ሠርግ ላይ ከፊት ወንበር ላይ እሱ ይታያል። የፊት ወንበር በጣም ይወድ ነበር። እኔም በዚያን ጊዜ ከልቤ አከብረው ነበር፤ አባታችን ከሞተ በኋላ አባቴ እሱ ነው ብዬ አምን ነበርና።

አንድ ቀን ደውሎ “እስከ መቼ አንሶላ ስትጨምቂ ትኖሪያለሽ? እኔ ዘንድ ነይ። ክፍል አለሽ፣ ነርስነት ትማሪያለሽ” አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። ነርስ መሆን ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርሁት ነገር ነው። ቲኬቱን እሱው ላከልኝ። ሚኒያፖሊስ ላይ አውሮፕላን ቀይሪ ይላል። ለምን ብዬ ብጠይቀው አየር መንገዱ ነው፣ አንድ ቦታ ሳያሳርፍ አይወስድም አለኝ። ይህን ያህል መንገድ ለማታውቅ ሴት በቂ መልስ ነበር። ልሄድ ስል በዋዜማው ግን እንደ ዋዛ አድርጎ አከለበት። እዚያ ወዳጆች አሉኝ፣ ጊዜው አጭር ቢሆንም ወጣ ብለሽ ቅመሺላቸው፣ የቅበላ ሰሞን ነው ደግሰዋል፣ ምሳ ብቻ ነው አለ።

እውነትም ቅበላ ነበር። አበሻ ለሁለት ወር ከሚለየው ሥጋ ጋር የመጨረሻውን ስንብት የሚያደርግበት ሰሞን። የአክስቴ ልጅ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ ስስ ካፖርቴን ለበስሁ፤ ከዚያም የበለጠ ስስ የሆነ ጫማዬን ተጫምቼ ወጣሁ።

ሚኒያፖሊስ ስናርፍ በመስኮቱ የማየው ሁሉ ነጭ ነበር። ሲያትል የለመድሁት ዝናብ ነው፤ እንዲህ ያለ በረዶ አይቼ አላውቅም። ሰዎች ከፍ ባለ መኪና ላይ ቆመው የአውሮፕላኖቹን ክንፍ እንፋሎቱ በሚትጎለጎል ፈሳሽ ያጥባሉ። በዚያ ዘመን ተሳፋሪ ያልሆነም ሰው እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። ከበሩ ስወጣ አንድ አጠር ያለ፣ ፈገግታው ከፊቱ የሚበልጥ ሰው ስሜን እየጠራ ተቀበለኝ። ተፈራ ይባላል፤ ከኤርፖርቱ ወደ ሆቴሎች እንግዳ የሚያመላልስ ሹፌር ነው።

“ዘኒዬ፣ መኪናዬን ታች ፓርክ አድርጌያታለሁ” አለኝ። “ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው። ትበያለሽ፣ ትጫወቻለሽ፣ ከዚያ እኔ ራሴ ድራይቭ አድርጌ እዚችው በር ላይ አስቀምጥሻለሁ። ዶንት ዎሪ።”

ስሜ ዘነበች ነው። ዘኒ የሚሉኝ እናቴና የልጅነት ጓደኞቼ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ “ዬ” አይጨምሩበትም። ንቀቴ እዚያ ላይ ጀመረ ማለት እችላለሁ።

ቢሆንም ልወጣ ነበር። ቆሜ አሰብሁ። የሚቀጥለው አውሮፕላን እስኪነሳ ሦስት ሰዓት ከምናምን ይቀረኛል። መንገዱ በበረዶ ቢዘጋስ? ቢያመልጠኝስ? የማላውቀው ሰው መኪና ውስጥ መግባቱስ? በሌላ በኩል ደግሞ ርቦኛል። ከጎናችን ካለው ሱቅ የሚወጣው የተጋገረ ሊጥና የቀረፋ ሽታ ምራቄን ያስውጠኛል፤ ተፈራ ደግሞ ስለ ዶሮው፣ ስለ ክትፎው፣ ከአገር ቤት ስለመጣው ቅቤ ይዘረዝርልኛል። ይህን ከተማ ሁለተኛ የት አገኘዋለሁ ብዬም አሰብሁ። ሰው የወደፊት አገሩን ሲያልፍበት እንኳ አያውቀውም። የካፖርቴን ቁልፎች እየቆለፍሁ ለወጉ ያህል ማን ማን አለ ብዬ ጠየቅሁት።

“ኢንጅነሩ አለ፤ ምግቡን የሠራችው እህቱ አለች” አለ ተፈራ። “ሽማግሌዎቹም ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠው አንቺን ዌይት እያደረጉ ነው።”

“የምን ሽማግሌዎች?”

ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። “ጋሼ ጌታሁን አልነገረሽም እንዴ?”

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ኢንጅነሩ የሚሉት ሰው ጌታሁን ቤት በእንግድነት ሄዶ ፎቶግራፌን አይቷል። ወዶኛል። ጌታሁንም ቃል ሰጥቷል። የቀረው ወጉ ብቻ ነው፤ ሽማግሌ መጠየቅ አለበት፤ ጾም ከመግባቱ በፊት ነገሩ ይቆረጥ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ዘመድ ስለሌለኝ ሽማግሌዎቹ ኢንጅነሩ ቤት ተሰብስበው እኔ ወደ እነሱ እንድመጣ ተስማምተዋል። እሺ እላለሁ፤ ይመርቁናል፤ ጌታሁን በስልክ ይሰማል፤ ከዚያ እኔ ወደ አውሮፕላኔ እመለሳለሁ። ተፈራ ይህን ሁሉ የነገረኝ እንደ ምሥራች ነው።

ሽማግሌ መላክ ምን እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም። የሚልከው ወንዱ ነው። ሽማግሌዎቹ ወደ ሴቲቱ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ገብተውም ይቆማሉ። የሴቲቱ ወገን ይቀመጣል፣ እነሱ ይቆማሉ። ተቀመጡ እስኪባሉ ድረስ ሽበት ያለውም፣ ማዕረግ ያለውም፣ ወገቡን የሚያመውም እኩል ይቆማል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጨዋታ ያየዋል። እኔ ግን ሴት ልጅ ዕድሜዋን በሙሉ ቆማ ስታስተናግድ እንደምትኖር የሚያውቁ አባቶች፣ ቢያንስ አንድ ቀን ወንዶች ይቁሙላት ብለው ያኖሩት ይመስለኛል። እነዚህ የሚኒሶታ ባላባቶች ግን ገልብጠው ሠሩት። ጠያቂው ሶፋ ላይ ተደላድሎ፣ ተጠያቂዋ በተፈራ መኪና ተጭና ትቀርባለች፤ ያውም በሁለት አውሮፕላን መካከል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የእኔ አጥር ወንድሜ ነበር፤ አጥሩን ነቅሎ ያስረከባቸው ግን ራሱ ነው።

ካፖርቴን መልሼ አወለቅሁ።

ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ስልኮች በአንዱ ጌታሁን ጋ ደወልሁ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው፤ ስልኩ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። መጀመሪያ አባበለኝ። ሰውዬው ቤት እንዳለው፣ እንደማይጠጣ፣ ሁሉ የሚያከብረው ኢንጅነር እንደሆነ ነገረኝ። ቀጥሎ ተቆጣ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ አለ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

“ጋሼ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ከፊቱ የሚቀመጠው የእኔ ወገን የት ነው?”

 ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ከዚያ ኤርፖርት ካልወጣሽ እኔ ቤት እንዳትመጪ። ወደ አንሶላሽ ተመለሺ” ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ከወጣሁ አይቼው የማላውቀውን ሰው ላገባ ነው። ካልወጣሁ ክፍሉም፣ ትምህርቱም፣ ወንድሜም የሉም። ፈራሁ። ከፍርሃቴ በላይ ግን ናቅሁት። የስንት ዓመት አክብሮት በአንድ የስልክ ጥሪ ሲጠፋ አየሁ። ንቀት እንዲህ ቶሎ እንደሚመጣ፣ መጥቶም ሰውን ቀጥ አድርጎ እንደሚያቆም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ወደ ተፈራ ተመልሼ፣ “ሽማግሌ የሚሄደው ሴቲቱ ወዳለችበት ነው” አልሁት። “እኔ ያለሁት እዚህ ነው። ይምጡ።”

ተፈራ ወንበሮቹን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ እኔን አየ። “ሰዎቹ እኮ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በዚህ ስኖው እንዴት አድርጌ አወጣቸዋለሁ?”

“እኔን ልታወጣኝ አልነበር?”

እያጉረመረመ ሄደ። እኔም የሚቀጥለው አውሮፕላኔ ወደሚነሳበት በር ሄጄ፣ እርስ በርሳቸው ከተያያዙት ጥቁር ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጥሁ። ቦርሳዬን በቀኜ፣ ካፖርቴን በግራዬ አኖርሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሁለቱንም አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥኋቸው። ወንበሮቹ የወገኖቼ ናቸው። በቀኜ አባቴ መቀመጥ ነበረበት፤ በግራዬ ታላቅ ወንድሜ። ዳቦ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ባዶዎቹን ወንበሮች ሳይ ከውጪው ብርድ ይልቅ የብቸኝነት ብርድ እንደሚከፋ ገባኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ በፊቴ ያልፋሉ። ከእነሱ አንዱን ጠርቼ እስቲ ለጥቂት ጊዜ ዘመዴ ሁን ለማለት የቃጣኝ ጊዜም ነበር።

አይመጡም ብዬ ነበር። መጡ። ከሩቅ አየኋቸው። ከፊት አቦይ ወልደሚካኤል፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ፣ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ አዛውንት። ከኋላቸው አቶ ደምሴ፣ ከወፍራም ካፖርታቸው ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ደረታቸው ከሰውነታቸው ቀድሞ የሚደርስ። ሦስተኛው ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቀው ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለ ሳህን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። የዶሮው ሽታ ከእነሱ ቀድሞ ደርሶ የቀረፋውን ዳቦ አሸነፈው። ተፈራ ከኋላ ይከተላል። ከጫማቸው ላይ በረዶው እየቀለጠ ምንጣፉን ያርሰዋል።

ከፊቴ መጥተው ቆሙ። እኔ እንደተቀመጥሁ ነኝ። ያደግሁት ትልቅ ሰው ሲመጣ ብድግ እያልሁ ስለሆነ ጉልበቴ በራሱ ጊዜ ሊነሳ ይታገለኝ ነበር። በዚያ ቀን ከሠራሁት ሁሉ ከባዱ አለመነሳቱ ነው።

ይህን ጊዜ በሩ ላይ የምትሠራው ፈረንጅ ሽማግሌዎች ቆመው አይታ አዘነች። መጥታ፣ መሳፈሪያው ገና ነው፣ ወንበር ሞልቷል፣ እባካችሁ ተቀመጡ አለች። አቶ ደምሴ ተቀመጡ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወገባቸው እጥፍ ማለት ጀመረ። አቦይ ወልደሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ደምሴ መልሰው ቀና አሉ፤ ተቀመጡ ማለት ያለበት የሴቲቱ ወገን ነዋ። ፈረንጇ ግራ ገብቷት ሄደችና የሕመምተኛ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ተመለሰች። አቦይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኗትና አሁንም ቆሙ። መንገደኛው ሁሉ ያየናል።

አቶ ደምሴ ንግግር ጀመሩ። ከዘር ተነሥተው፣ በሃይማኖት አልፈው፣ ወደ ኢንጅነሩ ቤት ደረሱ፤ የመኝታ ክፍሎቹን፣ ጋራዡን፣ በጋራዡ ውስጥ ያለውን መኪና አስጎበኙኝ። ስለ ሰውዬው ጠባይ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ስለ ምድር ቤቱ ማሞቂያ ሦስት። በመጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “እንግዲህ የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ለመለመን ነው” አሉ። ልጃችሁን ሲሉ ዓይናቸው እንደ ልማዱ የሴቲቱን ወገን ፈልጎ ወደ ቀኜ ሄደ፤ ባዶ ወንበር። ወደ ግራዬ ዞረ፤ ባዶ ወንበር። ንግግራቸው እዚያው ላይ ተሰበረ።

እኔ ደግሞ በዚያ መካከል ሌላ ነገር አየሁ። የተፈራ ዓይን በየጊዜው ወደ ጎረቤት በር ይሸሻል። እዚያ አንድ ሰው ጋዜጣ ገልጦ ፊቱን ሸፍኗል፤ ሽማግሌዎቹ ከመጡ ጀምሮ አንድ ገጽ እንኳ አላገላበጠም። ዝቅ ብዬ እግሩን አየሁ። በካልሲ ላይ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ረስርሷል። በዚያ የየካቲት በረዶ በነጠላ ጫማ የሚጓዝ መንገደኛ የለም። ኢንጅነሩ ከሶፋው ተነሥቶ እንደ ሌባ ተከትሎ መጥቷል። ሽማግሌ የላከ ወንድ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይመጣም፤ ወጉ ነው። ከመጣ ደግሞ ጋዜጣውን አስቀምጦ፣ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ፣ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነበረበት። ያን ቢል ኖሮ ምናልባት አከብረው ነበር። እሱ ግን በጋዜጣው ጠርዝ አንድ ዓይኑን ብቻ ብቅ አድርጎ እንደ ገበያ በግ ገመተኝ። ከአንጀቴ ናቅሁት።

አቦይ ወልደሚካኤል ባዶዎቹን ወንበሮች ሲያዩ ቆይተው በዚያ ትግርኛ ትግርኛ በሚለው አማርኛቸው ጠየቁኝ። “ልጄ፣ ወገንሽ የታለ?”

“ወገኔ ስልክ ላይ ነው፣ አባቴ። እኔ ይህን ነገር የሰማሁት ከአውሮፕላን ከወረድሁ በኋላ ነው።”

ፊታቸው ጠቆረ። ወደ አቶ ደምሴና ወደ ተፈራ ዞረው ልጅቷ ታውቃለች አላላችሁኝም ወይ አሉ።  ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው፣ በሙሉ ወጉ፣ ለአባቴ እንደሚናገሩ ሁሉ፣ “መልሱን ምን ብለን እንያዝ?” አሉኝ።

አባቴ ለእህቶቼ ሽማግሌ ሲመጣ የሚለውን ሰምቼ አድጌያለሁ። እሱን አልሁ። “ቤተሰብ መክሮ መልስ ይልካል።”

አቶ ደምሴ ቀጠሮው መቼ ነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አቦይ በከዘራቸው ምንጣፉን ቀስ አድርገው መቱ። “መልስ ነው” አሉ። “ይበቃል።”

“እንግዲያው ተቀመጡ፣ አባቶቼ” አልሁ።

አቶ ደምሴ የሚቀመጡበት ሰዓት አልነበራቸውም፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው በመጡበት ተመለሱ። ዝምተኛው ሰውም ሳህኑን አስረክበው ተከተሏቸው። አቦይ ወልደሚካኤል ግን ዞረው መጡና በቀኜ፣ አባቴ መቀመጥ በነበረበት ወንበር ላይ፣ እህ ብለው ተቀመጡ። ሽማግሌ የላከውን ትቶ ከተላከበት ወገን ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ተፈራ እንሂድ ቢላቸው ልጅቷ እስክትሳፈር እቆያለሁ አሉት። ጎረቤት በር ላይ ሳይ ጋዜጣው ወንበሩ ላይ ብቻውን ተኝቷል፤ የነጠላ ጫማው እርጥብ ዱካም በምንጣፉ ላይ ወደ መውጫው ይሄዳል።

ሳህኑን ልመልስላቸው ስል አቦይ ከለከሉኝ። “ይኼ ምግብ ነው፣ ያ ነገር ነው። ነገሩን መልሰሻል፣ ምግቡን ብዪ።” ከመሳፈሬ በፊትም የቤታቸውን ስልክ ሰጡኝ፤ ወንድምሽ በሩን ከዘጋ ባለቤቴ አንድ ክፍል አላት አሉ። ዶሮውን አየር ላይ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን እየያዘች፣ እስከ መጨረሻው ብልት ድረስ በላሁት። የኢንጅነሩ እህት ባለ ሙያ ነች፤ ይህን አልክድም።

ጌታሁን ሊቀበለኝ አልመጣም፤ ሚስቱን ላከ። እንደዛተው ሳይሆን ቤቱ አስገባኝ፤ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ለእኔ ሰላምታ እንኳ አልወጣውም፤ ትምህርቱም ተረሳ። አንድ ቀን አቦይ ወልደሚካኤል ጋ ደወልሁና በዚያው ኤርፖርት ተመልሼ መጣሁ። በዚያን ጊዜ ወጣሁ። ነርስነትን የተማርሁት እዚህ፣ እነ አቦይ ቤት እየኖርሁ ነው። አቦይ ከዚህ ዓለም ከተለዩ ቆይተዋል፤ ሲሸኙም ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ኢንጅነሩን በቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ አየዋለሁ። ሌላ አግብቶ ወልዷል፤ ሲያየኝ ወደ ጣሪያው ማየት ይወዳል። መልሱን እስከ ዛሬ አልላክንለትም፤ ቤተሰብ ገና እየመከረ ነው።

ሻዬን ጨርሼ ለማርታ ጻፍሁላት። አትውጪ፣ አጠገብሽ አንድ ወንበር ያዢልኝ አልኋት። ለምን ብላ ጠየቀች፤ ስንገናኝ እነግርሻለሁ አልሁ። ዛሬ ያለ ቲኬት ወደ ውስጥ መግባት እንደ ድሮው አይደለም፤ በስልኬ ተመዝግቤ የእንግዳ ፈቃድ አወጣሁ። ቀጥዬ ጌታሁን ጋ ደወልሁ። ልጅህ አትወጣም፣ ሰዎቹ ከፈለጉ ይምጡ፣ እኔና እሷ ተቀምጠን እንጠብቃቸዋለን አልሁት።

“ምሳ ብቻ ነው እኮ” አለ።

“እንግዲያው ምሳውን ይዘው ይምጡ።”

እሱ እንደ ልማዱ ዘጋው። እኔ አልደነገጥሁም፤ ንቀት ከተለማመዱት ለጤና ጥሩ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በፎርት ስኔሊንግ በኩል፣ በረዶ በለበሱት ነጫጭ የወታደሮች መቃብር ድንጋዮች አጠገብ እየነዳሁ ሄድሁ። ጫማዬን አውልቄ በፍተሻው አለፍሁ። ማርታ መስኮቱ አጠገብ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋ በቀኟ ወንበር ላይ ነው። ስታየኝ አነሣችልኝና ተቀመጥሁ። የአባቷን ሽማግሌዎች፣ ጋዜጣውን፣ ነጠላ ጫማውን አንድ በአንድ ነገርኋት። ስቃ ስቃ ስታበቃ እጄን ያዘችና፣ በአማርኛ፣ “አባዬ እንደዚህ አደረገሽ?” አለችኝ። አዎ አልኋት። ለእሱ አልዋሽለትም።

አውሮፕላኗ እስኪነሳ ማንም አልመጣም። የጥሩ ቤተሰብ ልጅ የተባለው ቆሞ ለመጠየቅ ይህን ያህል መንገድ አይመቸውም። እኔ ግን ወጥ በፍተሻ ስለማያሳልፉ ደረቅ ጥብስ በእንጀራ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ከላስቲኩ ሳወጣው ማርታ በጥርጣሬ አየችኝ፤ የዚህን ቤተሰብ ግብዣ ተምራለች።

“ብዪ” አልኋት። “ምሳ ብቻ ነው።”